እንግዳው ሳይሆን ባለቤቱ

«ታርቱፍ» የተሰኘውን ፊልም ከጂንካ ወጣቶች ጋር ካየን በኋላ

እስቲ ከየቤታችሁ ልጀምር። «ሁለት ቀን አድሬ እሄዳለሁ» ብሎ የመጣ እንግዳ ሁለት ወር የተቀመጠበት ቤት ውስጥ ያደጋችሁ ካላችሁ የምለው ወዲያው ይገባችኋል። በመጀመሪያው ቀን ዶሮ ይታረዳል። አልጋው ይለቀቅለትና እናንተ መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግታችሁ ትተኛላችሁ፤ ደስም ይላችኋል። በሳምንቱ ሽሮ ይቀርባል። በወሩ እናት ሳሎን ውስጥ «ኧረ ተጫወት፣ ምን ያስቸኩልሃል?» ትልና ጓዳ ገብታ በረጅሙ ትተነፍሳለች። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው የሚለውን አባባል ሁላችንም እናውቀዋለን። ነገር ግን እንግዳው ብረት ከሆነ በኋላ አፍ አውጥቶ «በል እንግዲህ» የሚለው ሰው አይገኝም። ይሉኝታ አለ።

በዚህ የሚቸገሩትም የሚስቁትም ኢትዮጵያውያን ብቻ አይደሉም። የህንድ ፊልም የምትወዱ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣውን «አቲቲ ቱም ካብ ጃኦጌ» ታውቁት ይሆናል። ትርጉሙ «እንግዳዬ፣ መቼ ነው የምትሄደው?» ማለት ነው። ከገጠር የመጣ አጎት ከተማ ያሉ ባልና ሚስት ቤት ገብቶ አልወጣ ይላል። እዚያ የምንስቀው በሚያሰለች፣ ነገር ግን ክፋት በሌለው እንግዳ ነው። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ፊልም እንግዳ ግን የጸሎት መጽሐፍ በእጁ ይዞ የሚመጣ ነው። ስለዚህ ነገሩ ከማንም ይልቅ እኛን ይመለከታል።

ፊልሙ «ታርቱፍ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1925 በጀርመን አገር የተሠራ ድምፅ አልባ ፊልም ነው፤ ዳይሬክተሩ ሙርናው፣ የፊልሙን ጽሑፍ ያዘጋጀው ካርል ማየር ነው። አንድ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ፣ የጂንካ ገበያ ከተበተነ በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ አንሶላ ወጥረን፣ ፕሮጀክተር ከላፕቶፕ ጋር አገናኝተን ከወጣቶች ኅብረቱ ጋር አየነው። «መምህር፣ ድምፁ የት አለ?» ያሉ ነበሩ። ድምፁ እኔ ነበርሁ፤ በየመሐሉ የሚመጣውን ጽሑፍ በአማርኛ እያነበብሁ ነገርኋቸው፤ የመዘምራኑ ኪቦርድ ተጫዋችም እንደ መጣለት አጀበን። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ሁሉም መሳቅ ጀመረ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ኦርጎን የተባለ ባለጸጋ ከመንገድ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሚስቱ ኤልሚር ናፍቃው ልታቅፈው ትሮጣለች፤ እርሱ ግን ይሸሻታል። በመንገድ ታርቱፍ የሚባል «ቅዱስ» ሰው አግኝቷል። መሳሳም ኃጢአት ነው፣ ጌጥ ኃጢአት ነው፣ ሳቅም ኃጢአት ነው። ቅንጦት የተባለውን ሁሉ ከቤቱ ያስነሳል፤ አገልጋዮቹን ያሰናብታል፤ ዶሪን የምትባለው ሠራተኛ ግን ትቀራለች። ከዚያ ቅዱሱ እንግዳ ራሱ ይመጣል። መጽሐፉን ዓይኑ ሥር ለጥፎ ይራመዳል፤ ሲበላ ግን አይጾምም። እርሱ ተንጠልጣይ አልጋው ላይ ሲያንቀላፋ የቤቱ ጌታ አጠገቡ ቆሞ እንቅልፉን ይጠብቅለታል። በመጨረሻ ኦርጎን ሀብቱን ሊያወርሰው ይነሣል። ሚስቱ የሰውየውን ማንነት ልታጋልጥ ባሏን ደብቃ ታርቱፍን ሻይ ትጋብዘዋለች። ታርቱፍ ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው በማንቆርቆሪያው ሆድ ላይ የተደበቀውን ባል መልክ ያያል፤ ወዲያው ተመልሶ ቅዱስ ይሆናል! አዳራሹ በሳቅ የፈረሰው እዚህ ላይ ነው። በሁለተኛው ሙከራ ግን ኦርጎን በቁልፍ ቀዳዳ አጮልቆ የሰከረውንና ሚስቱን የሚመኘውን «ቅዱስ» በዓይኑ ያያል፤ ደብድቦም ያስወጣዋል።

የታሪኩ ምንጭ ፈረንሳዊው ሞሊየር የጻፈው ተውኔት ነው። መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1664 በቬርሳይ፣ በንጉሥ ሉዊ 14ኛ ፊት ነበር። ወዲያው በአደባባይ እንዳይታይ ተከለከለ። በ1667 ተሻሽሎ ሲቀርብም በአንድ ቀን ታገደ፤ የፓሪሱ ሊቀ ጳጳስም ተውኔቱን ያየ ወይም ያነበበ ከቤተ ክርስቲያን ይለያል ብለው አስጠነቀቁ። በነጻነት መድረክ ላይ የወጣው በ1669 ነው። ሞሊየር የተከራከረው «እኔ የምነቅፈው ግብዝነትን እንጂ እምነትን አይደለም» በሚል ነበር። ወደ እኛም አገር ቢሆን ዘግይቶ አልመጣም፤ ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ከሼክስፒር ሥራዎች ጋር የሞሊየርን «ታርቱፍ»ም ወደ አማርኛ መልሶታል። እንግዲህ ከእናንተ መካከል «በመንፈሳዊ ሰው የሚቀልድ ፊልም በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ?» የሚል ካለ፣ ያ ክርክር ከ350 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ጸሎት እያስረዘሙ የመበለቶችን ቤት ስለሚበሉ ሰዎች አስቀድሞ የተናገረው ጌታችን ነው (ማር. 12፥40)።

ወደ ቅዳሜያችን ልመልሳችሁ። ኦርጎን ወደ ቁልፍ ቀዳዳው ሊጎነበስ ሲል መብራት ጠፋ። ጂንካ የኖረ አይገረምም። ጄኔሬተር እስኪመጣ በጨለማ ተቀመጥን። ከሴቶቹ አንዷ «መምህር፣ ይህን ሁሉ ዘዴ ከመፍጠር ሚስትየዋ ለምን ዝም ብላ አላስወጣችውም?» ብላ ጠየቀች። እኔ ከመመለሴ በፊት ከኋላ አንዱ ልጅ «እንዴት አድርጋ? የተቀባ ነዋ!» አለ። ሁሉም ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ።

ልጁ ነገሩን አግኝቶታል። በአገራችን እንግዳ የሚገባበት በር አንድ ነው፤ የማይወጣባቸው ቁልፎች ግን ሁለት ናቸው። አንዱ ይሉኝታ ነው፤ ይህ ቁልፍ በሁሉም ቤት አለ። ሁለተኛው «የተቀባውን አትንኩ» የሚለው ነው፤ ይህ በእኛ በአማኞች ቤት ብቻ ያለ ነው። ይሉኝታ «ሰው ምን ይለኛል?» ሲል፣ ሁለተኛው «እግዚአብሔር ምን ይለኛል?» ያሰኛል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲቆለፉ የቤቱ ሰው በገዛ ቤቱ በሹክሹክታ መናገር ይጀምራል። እንግዳ መሰንበቱን የምናውቀው ቀን ቆጥረን አይደለም፤ የቤቱ ልጆች ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ ሲጀምሩ ነው።

ይህን የምለው ከፊልሙ ተምሬ ብቻ አይደለም። እኔ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ሰው በአርባ ምንጭ አውቶቡስ መጥቶ ቤታችን አረፈ። አገልጋይ ነኝ አለ። ለሦስት ቀን የጸሎት ፕሮግራም ነበር የመጣው፤ አምስት ወር ተቀመጠ። አባቴ መምህር ነው፤ ደመወዙን ታውቁታላችሁ። በመጀመሪያው ወር ሁለት ፍየሎቻችን ተሸጡ። በሦስተኛው ወር ለጣሪያችን ቆርቆሮ የተጠራቀመው ገንዘብ «ለጌታ ሥራ» ሄደ። ታላቅ እህቴ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበረች፤ ምግቡን የምታበስለው፣ ልብሱን የምታጥበው እርሷ ነበረች። አንድ ቀን ጓዳ ውስጥ «ይህ ሰውዬ ስንጸልይ ዓይኑን አይጨፍንም፤ ድስቱን ነው የሚያየው» አለችኝ። እኔ ምን እንዳልኋት ልንገራችሁ? «መንፈስሽ ስለማይገዛ ነው» አልኋት። ሄጄም ለእርሱ ነገርሁት። በሚቀጥለው እሑድ የአመፅ መንፈስ አለባት ብሎ ፊታችን ጸለየባት። በሳምንቱ እህቴ አርባ ምንጭ ወዳለችው አክስታችን ሄደች፤ የዚያን ዓመት ትምህርቷንም አጣች።

ለምን ነገርሁት? በመጣ በሁለተኛው ቀን እጁን ጭኖብኝ በአሕዛብ ፊት እንደምቆም ተንብዮልኝ ነበር። እርሱ ሐሰተኛ ከሆነ የእኔ ትንቢት ሊወድቅ ነው። እንግዳውን በቤታችን ያቆየው የእናቴ ደግነት ብቻ አልነበረም፤ እኔም ስለምፈልገው ነው የቆየው።

«ታርቱፍ»ን ደግሜ ሳየው የፊልሙ ዋና ሰው ታርቱፍ አለመሆኑን ያሳወቀኝ ይህ ነው። ዋናው ሰው ኦርጎን ነው። ቨርነር ክራውስ የተባለው ተዋናይ ኦርጎንን ሆኖ ሲጫወት ፊቱን ተመልከቱት፤ ሞኝ አይደለም፤ ደስተኛ ነው። በሕይወቱ ያልቻለውን ቅድስና የሚችልለት ሰው አግኝቷል። መጸለይ ቢከብደው የሚጸልይለት፣ መጾም ቢያቅተው የሚጾምለት ሰው ቤቱ ውስጥ አለ፤ ከእርሱ የሚጠበቀው ማብላት ብቻ ነው። ይህ ንግድ ነው፤ ታርቱፍ ሻጭ፣ ኦርጎን ገዢ ነው። ገዢ ባይኖር ሻጩ በሦስተኛው ቀን ሻንጣውን ባነሣ ነበር። በሞሊየር ተውኔት ይህ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። ኦርጎን ከመንገድ ሲገባ ዶሪን ሚስቱ ታምማ እንደ ነበር ትነግረዋለች፤ እርሱ የሚጠይቀው ስለ ታርቱፍ ነው። ታርቱፍ ጠግቦ በልቶ ለጥ ብሎ መተኛቱን ትነግረዋለች፤ እርሱ ለታርቱፍ አንጀቱ ይላወሳል። ለራሱ ሚስት ጆሮ አጥቷል።

ከቤታችን ያ ሰው እንዴት እንደ ወጣ ልጨርስላችሁ። እናቴ አላስወጣችውም፤ አባቴም አልቻለም። አንድ አረጋዊ የአሪ አማኝ፣ የጸሎት ቤታችን ሽማግሌ፣ ማታ ቡና ሊጠጡ መጡ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ንቦቻቸው አወሩ። ሊነሡ ሲሉ ወደ እንግዳው ዞረው «የጌታ ሰው፣ ነገ ማለዳ እንሰት ልንተክል ነው። ትርፍ ዶማ አለኝ። አብረን እንውጣ?» አሉት። ሰውየው «ነገ እጾማለሁ» አለ። «እንግዲያው ከነገ ወዲያ» አሉት። «ከነገ ወዲያም ጾም ነኝ» አላቸው። ሽማግሌው ጥቂት አሰቡና «መልካም። እኔም አብሬዎት እጾማለሁ፤ ጾመን እንቆፍራለን» አሉት። በማግስቱ ጠዋት አልጋው ባዶ ነበር።

ብዙ ዓመት ቆይቼ በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ስማር ዲዳኬ ወይም «የሐዋርያት ትምህርት» የሚባለውን ጥንታዊ መጽሐፍ አነበብሁ። በመጀመሪያዎቹ የክርስትና ዘመናት የተጻፈ ነው፤ ብሪዬንዮስ የተባሉ የግሪክ ጳጳስ የግሪክኛውን ቅጂ እ.ኤ.አ. በ1873 በቁስጥንጥንያ አግኝተው በ1883 አሳተሙት። በውስጡ ስለ ተጓዥ አገልጋዮች የሚናገር ክፍል አለ፤ ይህ ክፍል በአገራችንም በጥንቱ የግእዝ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት መጻሕፍት ውስጥ ተጠብቆ ቆይቷል። አሳቡ ይህ ነው፦ የሚመጣውን አገልጋይ እንደ ጌታ ተቀበሉት፤ አንድ ቀን ይደር፤ ካስፈለገም ሁለተኛ ቀን ይጨምር፤ ሦስት ቀን ከቆየ ግን ሐሰተኛ ነቢይ ነው። ሲሄድ ለመንገዱ እንጀራ ይያዝ፤ ገንዘብ ከጠየቀ ሐሰተኛ ነው። ከእናንተ ጋር ሊኖር የሚፈልግ ተራ መንገደኛ ደግሞ ሙያ ካለው ሠርቶ ይብላ። የእኛ ሽማግሌ ይህን መጽሐፍ አላነበቡም። ነገር ግን ጳውሎስ በተሰሎንቄ ሌሊትና ቀን እየሠራ እንደ ኖረ አንብበዋል (2ተሰ. 3፥8-10)፤ ዶማም ነበራቸው።

አሁን የፊልሙን ድካም ልናገር፤ መልካም ጎኑን ብቻ መናገር ሂስ አይሆንምና። የመጀመሪያው ድካም ታርቱፍን የሚጫወተው ኤሚል ያኒንግስ ነው። ትልቅ ተዋናይ ነው፤ አዳራሹን በሳቅ የሞላው እርሱ ነው። ነገር ግን ገና ብቅ ሲል አስቀያሚነቱ ይጮኻል፤ አካሄዱ፣ አፉ፣ ዓይኑ «ተጠንቀቁ!» ይላሉ። ተመልካቹም «እኔ ብሆን በአንድ እይታ አውቀው ነበር» ብሎ ራሱን ያጽናናል። እውነቱ እንዲህ አይደለም። ቤታችን የመጣው ሰው መልከ መልካም ነበር፤ ሲዘምር ያስለቅስ ነበር። ሞሊየር በዚህ ይበልጣል፤ ታርቱፍን እስከ ሦስተኛው ክፍል ድረስ መድረክ ላይ አያወጣውም። አስቀድመን የምናየው እርሱ በቤቱ ሰዎች መካከል ያስነሣውን ጠብ ነው። ዛፉን ከማየታችን በፊት ፍሬውን አሳየን ማለት ነው።

ሁለተኛው ድካም የሚከነክነኝ ነው። በተውኔቱ ኦርጎን ልጆች አሉት። ወንዱ ልጅ ዳሚስ እውነቱን ለአባቱ ሲናገር አባቱ ይረግመውና ከቤት ያባርረዋል፤ ርስቱንም ለእንግዳው ይሰጣል። ሴቷን ልጅ ማሪያንን ደግሞ ለታርቱፍ ሊድራት ያስገድዳታል። በመጨረሻም እንግዳው ባለቤቱን «ከቤቴ የምትወጣው አንተ ነህ» እስከ ማለት ይደርሳል፤ የሚያድናቸውም የንጉሡ መኮንን ነው። ሙርናው ልጆቹን ከፊልሙ አስወጣቸውና ነገሩን በባልና ሚስት መካከል አስቀረው። ፊልሙ ስለ አጠረ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ነገር ግን ወጣቶች ሆይ፣ በእውነተኛው ቤት የእንግዳውን ዋጋ የሚከፍሉት ልጆች ናቸው። ከቤታችን የወጣው መጀመሪያ እንግዳው አልነበረም፤ እህቴ ነበረች።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ ይህን ጽሑፍ አንብቦ ነገ በየቤቱ ያለውን አገልጋይ በጥርጣሬ ማየት የሚጀምር እንዳይኖር። ወንጌል ወደ አሪና ወደ ጎረቤቶቻችን ከመጣባቸው መንገዶች አንዱ ከጣሊያን ወረራ በኋላ በነበሩት ዓመታት ከወላይታ በእግራቸው የመጡ ወንጌላውያን ናቸው። እነርሱም እንግዶች ነበሩ፤ ከሦስት ቀንም በላይ ቆዩ። ስለዚህ የቀኑ ቁጥር ብቻውን መለኪያ አይደለም። ወደ ሐመር ስትወርዱ እንግዳ ቁርበት ተነጥፎለት ሾፎሮውን በቅል ይጠጣል፤ ማንም የማታውቁት ነው ብሎ አይመልሳችሁም። በሐመር ሰዎች ዘንድ ደግሞ «ቤል» የሚባል የወዳጅነት ቃል ኪዳን አለ፤ ወዳጆቹ በከብትና በፍየል ስጦታ ይተሳሰራሉ፤ ዛሬ እንግዳ የሆነው ነገ ተቀባይ ይሆናል። ታርቱፍ የሌለው ይህ ነው፤ ማንንም የሚቀበልበት ቤት፣ ለማንም የሚያካፍለው እንጀራ የለውም። መቀበልን ብቻ ያውቃል። ዕብራውያን 13፥2 እንግዳ መቀበልን እንዳንረሳ ያዝዘናል፤ 2ኛ ዮሐንስ ቁጥር 10 ደግሞ ወደ ቤት የማይገባ ሰው እንዳለ ይነግረናል። ሁለቱን አብሮ መያዝ እንጂ አንዱን መጣል አልተፈቀደልንም።

ታዲያ እንዴት እንለይ? መልሱን የሰጠችኝ እህቴ ናት። ፊልሙን በስልኳ ላክሁላት። ገና ግማሽ ሳትደርስ በድምፅ መልእክት «ሠራተኞቹ ሁሉ ተባርረው ይህን ሁሉ ምግብ ማን ያበስላል?» አለችኝ። ሳቅሁ፤ ከዚያ ሳቄ ቆመ። ፊልሙን ሦስት ጊዜ አይቼ ዶሪንን አላየኋትም ነበር። በተውኔቱ ከሁሉ አስቀድማ ታርቱፍን የምታውቀው ዶሪን ናት፤ ማንም ግን አይሰማትም፤ ሠራተኛ ናታ! ስለ አንድ አገልጋይ እውነቱን ማወቅ ብትፈልጉ መድረኩን አትጠይቁ። ያረፈበትን ቤት ጓዳ ጠይቁ። ሳህኑን ያጠበችውን ጠይቁ። «አመሰግናለሁ» ብሏታል? ቀና ብሎ አይቷታል? ወይስ ያያት በማይገባ ዓይን ነው? ቀጥላችሁም መልሱን ስሙ፤ እኔ መልሱ ሳልጠይቅ ተነግሮኝ አልሰማሁም።

ለእህቴ ይቅርታ የጠየቅሁት ዘግይቼ፣ ትልቅ ሰው ከሆንሁ በኋላ ነው። «ያኔ ልጅ ነበርህ» አለችኝ። ልክ ናት፤ ልጅ ነበርሁ። እናንተም አሁን በዚያው ዕድሜ ላይ ናችሁ፤ ይህን የምጽፍላችሁ ስለዚህ ነው። ዛሬ ደግሞ ታርቱፍ አውቶቡስ መሳፈር አያስፈልገውም፤ በስልካችሁ ይገባል፣ ስማችሁን ጠርቶ ይተነብያል፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥሩን ከሥር ይጽፋል። ከስልክ ውስጥ ደግሞ ዶማ ይዞ የሚያስወጣው ሽማግሌ የለም።

የፊልሙን አንድ ክፍል እስካሁን ደብቄባችኋለሁ። የታርቱፍ ታሪክ በሌላ ታሪክ ውስጥ የተቀመጠ ነው። አንድ ሽማግሌ ቤቱን በምትመራለት ሴት ተታልሎ የልጅ ልጁን ክዶታል፤ ወጣቱ ተዋናይ ስለሆነ እንደ ጠፋ ልጅ ተቆጥሯል። ሴትዮዋ ሽማግሌውን ቀስ በቀስ እየመረዘች ሀብቱን ልትወርስ ነው። ወጣቱ ከቤት ሲባረር ወደ እኛ ዞሮ፣ ዓይናችንን እያየ፣ ነገሩን እንዲሁ እንደማይተወው ይነግረናል። ከዚያ ጢም ለጥፎ፣ ተንቀሳቃሽ ሲኒማ የሚያሳይ ሰው መስሎ ይመጣና ለአያቱ የታርቱፍን ፊልም ያሳያቸዋል። የሽማግሌው ዓይን የሚከፈተው በፊልም ነው።

ጄኔሬተር ተጭኖ፣ አንሶላ ተወጥሮ፣ በየቀበሌው «ኢየሱስ» ፊልምን ያያችሁ የደቡብ ኦሞ ልጆች ይህ ትዕይንት ይገባችኋል። እ.ኤ.አ. በ1979 የተሠራው ያ ፊልም ከአንድ ሺህ በሚበልጡ ቋንቋዎች ተተርጉሟል፤ በእኛም ዘንድ ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ፊልም ያየው በዚያ አንሶላ ላይ ነው። ቤተ ክርስቲያን እንግዲህ ፊልምን አትፈራም ማለት ነው። ድራማ የሚጽፉትን፣ ካሜራ የሚይዙትን ልጆቻችንን እንደ ጠፉ የምንቆጥር ሽማግሌዎችም ይህን ፊልም ብናይ ይጠቅመናል።

ፊልሙ ሲያልቅ በጽሑፍ ወደ ተመልካቹ ዞሮ አጠገብህ የተቀመጠው ማን እንደ ሆነ ታውቃለህን የሚል አሳብ ያለው ጥያቄ ይጠይቃል። ሳነበው ልጆቹ እየተሳሳቁ ግራና ቀኛቸውን ተያዩ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ግን ግማሽ ነው። አጠገባችሁ ያለውን ከመመርመራችሁ በፊት ኦርጎን በተቀመጠበት ወንበር ላይ የተቀመጠው ማን እንደ ሆነ ጠይቁ። በእናንተ ፈንታ እንዲጸልይ፣ በእናንተ ፈንታ እንዲሰማ፣ በእናንተ ፈንታ ቅዱስ እንዲሆን የምትመግቡት ሰው አለ? ጌታ ራሱ በደጅ ቆሞ ያንኳኳል (ራእ. 3፥20)። ከገባ በኋላ እንዲሰነብትልን የምንለምነው እንግዳ እርሱ ብቻ ነው።

ለኅብረት ውይይት፦

1. በቤታችሁ ወይም በኅብረታችሁ ውስጥ በሹክሹክታ ብቻ የሚነገር ነገር አለ? ለምን ይመስላችኋል?

2. ይሉኝታ መልካም የሚሆነው መቼ ነው? ሰውን የሚጎዳውስ መቼ ነው?

3. ሽማግሌው እንግዳውን አልሰደቡትም፣ አላጋለጡትም፤ ዶማ ብቻ ሰጡት። ከዚህ ምን እንማራለን?

ጸጋ ይብዛላችሁ።